ፊደሉን ጎላ አድርገህ ላክልኝ

አሶሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድማገኝ፣

የአክስትህ ዓይን ጠፍቷል ተብሎ የደረሰህ ወሬ ሐሰት ነው። ሰላምታዬን ያላስቀደምኩት ይህን ማረም ስለሚቀድም ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። በዚያ በብርድ አገር እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የምትነዳውን ባቡር ከሐዲዱ፣ አንተንም ከመንገድህ አያውጣህ። እኔ እንደ ፈቃዱ ደኅና ነኝ።

ወሬው ከየት እንደ ተነሣ ደርሼበታለሁ። የወንድሜ ልጅ እየሩስ ከምትሠራበት ከሸርቆሌ በሚኒባስ መጥታ በሬን አንኳኳች። ከፈትኩና "ማን ልበል?" አልኳት። አላወቀችኝም ብላ ደነገጠች። ፀሐይ ከጀርባዋ ነበረች፤ ፀጉሯንም አሳጥራዋለች። በዚያ ላይ ስልኬን ከፊቴ አርቄ ስይዝ አየችኝ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ተነሥታ "እትዬ አያዩም" ብላ ጻፈችልህ። አንተም ሳታጣራ አዲስ አበባ እናቷ ቤት እንድገባ፣ ቤቴም እንዲከራይ መከርክ።

መልሴ እምቢ ነው። በታይፒስትነት ተመድቤ አሶሳ በመጣሁበት ዓመት የተከልኩት ማንጎ ዛሬ ከጣሪያዬ በላይ ነው። ከእሱ ጥላ ተነሥቼ ሰው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት አልቀመጥም።

ማየት ያቃተኝ ነገር ቢኖር በስልክ የምትልከው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት ያህላል። በሁለት ጣት ስዘረጋው ደግሞ መስመሩ ከመስታወቱ ይወጣል፤ ግሡ ላይ ስደርስ ባለቤቱ የለም። ደውዪ አትበለኝ፤ በስልክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይነበብም። ደብዳቤ ማለት በወረቀት ላይ የተጻፈ፣ በአራቱም በኩል ኅዳግ የተተወለት፣ የሚታጠፍና የሚቀመጥ ነገር ነው። እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት። የጽሕፈት ትምህርት ቤት ሳለን መምህርታችን እጃችንን በጨርቅ ሸፍና ነበር የምታስጽፈን፤ ፊደሉን በጣታችን እንድናውቀው። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ያየች ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ትመታ ነበር። ሳታይ መጻፍ የተማረች ሴት ስልክ አራቀች ተብሎ አይፈረድባትም።

ይህን በእጄ ጽፌ፣ ጎረቤቴ ዐርዋ ፎቶ አንሥታ ልካልሃለች። ታስታውሳታለህ፣ የማህጁብ ልጅ ናት፤ አሁን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች።

አክስትህ የትናየት


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ የትናየት፣

ሰላምታዬ ደርቆ ይድረስዎ፤ እዚህ ከጥቅምት ወዲህ ያልዘነበበት ቀን የለም። እግዚአብሔር ደጃፍዎን ይባርክ፣ ማንጎውንም ለዓመቱ ያድርስ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኅዳጉን በማስመሪያ ለካሁት፤ ልክ ነው። ሳላጣራ መናገሬ ጥፋት ነው። ልጅ ሆኜ ለክረምት አሶሳ ስመጣ፣ ያበላሸሁትን ገጽ እንደ ገና ያስጽፉኝ ነበር። ይኸው እንደ ገና እጽፋለሁ፦ አክስቴ ዓይናቸው አልጠፋም።

ደብዳቤ በወረቀት ካልሆነ አይሆንም ስላሉ ፕሪንተር አስገዝቼልዎታለሁ። እየሩስ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ይዛው ትመጣለች። እኔ ከዚህ ወደ ስልክዎ እልካለሁ፤ ስልክዎ ወደ ፕሪንተሩ ይልካል፤ ፕሪንተሩ በወረቀት ያወጣዋል። በስልኩና በፕሪንተሩ መካከል ሽቦ የለም። ቤቴ ዋይፋይ የለም ብለው እንዳያስቡ፤ ፕሪንተሩ ለራሱ የሚሆነውን ራሱ ያወጣል። እርስዎ በእጅ የጻፉትንም ስካን ያደርጋል፤ ከፎቶ ይሻላል። ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም።

የአዲስ አበባውን ሐሳብ ለጊዜው ትቼዋለሁ። "ለጊዜው" ያልኩትን እንደሚመዝኑት አውቃለሁ። አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ልጅዎ ወንድማገኝ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድማገኝ፣

እጅህ አይዛል፤ ሐሳብህ አይጉደል። ደብዳቤህ በወረቀት ሆኖ በእጄ ገብቷል። አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛልና።

እየሩስ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ አብራው የመጣችውን ትንሽ ጠርሙስ ቀለም ሞልታ፣ መብራት ላይ ሰክታ ሄደች። ሚኒባሱ አይጠብቅም አለች። ቀሪው ለእኔና ለዐርዋ ሆነ። ስልኩ የፕሪንተሩን ስም ፈልጎ አገኘ። የይለፍ ቃሉ ክዳኑ ሥር ተለጥፏል፤ ዐርዋ አነበበችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ተያያዙ። ወዲያው ስልኩ "ይህ ኢንተርኔት የለውም፤ ልቆይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤ በኢንተርኔት እንደሚመጣ ስለማውቅ "አይ" አልኩት። ተለያዩ። እንደ ገና አያያዝን። እንደ ገና ጠየቀ። እንደ ገና "አይ" አልኩ። እንዲህ እያልን ቀትር ሆነ።

ዐርዋ ጭንቅላቷን ያዘች። "ሐቡባ፣" አለችኝ፤ በእነሱ አያቴ ማለት ነው። "እሱ ደኅና ነው። እምቢ ያልከው አንተ ነህ። እሺ በለው።"

"እምቢ ያልሺው አንቺ ነሽ፣ እሺ በዪው ነው የሚባለው" አልኳት።

"እሺ፣ እሺ በዪው። አንቺ እኔን ታርማለህ። የእኔን ስም ግን ይኸው ልጅ ሆኜ ጀምሮ በጉሮሮ አልጠራሽም።"

እውነቷን ነው። የስሟ መጀመሪያ ከጉሮሮ የሚወጣ ነው፤ እኔ ከከንፈሬ ነው የማነሣው። "እሺ" የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀት ሳበ፣ ደብዳቤህ ወጣ።

አሁን ያስገረመኝን ስማ። ስልኩ አጠገቡ ካለው ማሽን ጋር ለመነጋገር ሩቅ ካለው ዓለም ጋር መነጋገሩን ይተዋል። በዚያች ሰዓት ብትጽፍልኝ አይደርሰኝም። ማተሙን ጨርሶ ሲመለስ ግን ይደርሰኛል። እስከዚያ ድረስ የት ቆሞ ነው የሚጠብቀው?

ስልኩን ይዤ ወጣሁና ሞከርኩት። ከማንጎው ሥር ላክሁ፤ ታተመ። ከአጥሩ በር ላይ ላክሁ፤ አመንትቶ ታተመ። ከዐርዋ ቤት ላክሁ፤ አልታተመም። የእሷ ግድግዳ ወፍራም ጭቃ ነው። ጭቃው ካገደው ብረትስ ብዬ ትልቁን ብረት ድስት አመጣሁ። በላክሁበት ቅጽበት ስልኩን ድስቱ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ዐርዋ በሩ ላይ ቆማ፣ "ሐቡባ፣ ስልክ ልትቀቅል ነው? ጨው ላምጣ?" አለች። ማሽኑ ዝም አለ። ክዳኑን ሳነሣ ወረቀቱን ሳበ። ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተለየም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በአየር ውስጥ የሚያልፈው ፊደሉ ነው ወይስ የፊደሉ ሥዕል? ፊደሉ ከሆነ መንገድ ላይ ለምን አይደባለቅም? ኋለኛው ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ የለም? አንተ ከላይ ሽቦ ካልነካ የማይንቀሳቀስ ባቡር የምትነዳ ሰው፣ ይህ አይገርምህም?

ማሽኑን አምኜ እንዳልተቀመጥኩም እወቅ። በመሥሪያ ቤታችን ሳይናበብ የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። አንዷ ከረቂቁ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌላዋ በንጹሑ ላይ ጣቷን እያስኬደች ትከተላለች። ዐርዋ ከስልኩ አነበበች፤ እኔ ከወረቀቱ ተከተልኩ። አንድ ነጥብ አልጎደለም።

አንድ ነገር ብቻ። የፊደሉ መጠን አሥራ አራት ነው። ለሚመጣው አሥራ ስምንት አድርገው። ለደብዳቤ እሱ ነው የሚያምረው።

አክስትህ የትናየት


ጎተንበርግ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ የትናየት፣

የልደቱን በዓል በሰላም ያሳለፈዎ ጌታ ለጥምቀቱም በደስታ ያድርስዎ። እኔ በዓሉን ባቡር ላይ ነው የዋልኩት፤ ሳወርድና ሳሳፍር አለፈ።

ስልክ ቀቀሉ የሚል ወሬ ደርሶኛል። እየሩስ ከሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማችው። ይህኛውን አጣርቻለሁና አይስጉ።

ጥያቄዎን ይዤ እዚህ ኮምፒዩተር የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅሁ። የሚያልፈው ሥዕሉ ነው አለኝ። ስልኩ ገጹን እንደ ጥልፍ ሸራ በጥቃቅን ነጥብ ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ የሚለውን በቁጥር ያደርገዋል፤ ቁጥሩን በትንሽ በትንሹ እየቋጠረ በራዲዮ ይልከዋል። እያንዳንዱ ቋጠሮ የተራ ቁጥር አለው። ቀድሞ የደረሰ ካለ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ድስቱ ያገደው ብረት ራዲዮን ስለማያሳልፍ ነው። ፈተናዎን ስነግረው ሳቀና "ትክክለኛ ፈተና ነው" አለ። እኔ ደብዳቤ ስጽፍልዎ እርስዎ በዚያች ሰዓት ከሌሉ፣ ደብዳቤው ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

ፊደሉን አሥራ ስምንት አድርጌያለሁ።

ስካን ያደረጉትን ደብዳቤ ሳየው ግን መስመሮቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ወደ ታች ወርደዋል። እርስዎ ሳያሰምሩ ቀጥ አድርገው የሚጽፉ ሰው ነዎት። ወረቀቱ ሲገባ ተጣሞ ይሆን?

ደግሞ እየሩስ እንደምትለው በመጋቢት የዓይን ሐኪሞች ቡድን አሶሳ ይመጣል። መታየት አይከፋም።

ልጅዎ ወንድማገኝ


አሶሳ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድማገኝ፣

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

መስመሩ የወረደው የጠረጴዛው አንድ እግር ስላጠረ ነው። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አድርጌበታለሁ።

ተራ ቁጥር ይዘው ይጠብቃሉ ያልከውን ቋጠሮ ነገር ደጋግሜ አሰብኩት። በዚህ ከተማ ተራውን የሚጠብቅ ነገር መኖሩ ደስ ብሎኛል፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አይቼው አላውቅም። አንድ ቋጠሮ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ማሽኑ ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል ወይስ እንደ ገና ላክልኝ ይላል? ይህን ጠይቅልኝ።

ማናበቡን ትተነዋል። ዐርዋ ሥራ በዝቶባታል፤ ማሽኑም እስከ ዛሬ አልተሳሳተም።

ፊደሉን ሃያ አራት አድርገው። ደማቁንም ምረጥ፤ ቀጭኑ ወረቀቱ ላይ አይቆምም።

አክስትህ የትናየት

ከፈረምኩ በኋላ አሰብኩበት። ሠላሳ ስድስት አድርገው።


ጎተንበርግ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ የትናየት፣

ከመጣው ሙቀት እግዚአብሔር ይጋርድዎ።

ይህ ደብዳቤ በሠላሳ ስድስትና በደማቁ ነው፤ አምስት ገጽ ሄዷል። እዚህ የባቡር ጣቢያ ስም ለመንገደኛ የሚለጠፈው እንዲህ ባለ ፊደል ነው።

ጠፍቶ የቀረ ቋጠሮ ካለ ማሽኑ ዝም አይልም። "ይህኛው አልደረሰኝም" ብሎ ይመልሳል፤ ስልኩም እንደ ገና ይልካል። እስኪደርሰው ይጠይቃል።

እኔም እጠይቃለሁ። ስለ ሐኪሞቹ ጽፌ ነበር፤ መልስ አልደረሰኝም። ሠላሳ ስድስት ማለትዎ ብዙ አላስጨነቀኝም፤ ማናበቡን መተውዎ ግን አስጨንቆኛል። ሳይናበብ የወጣ ወረቀት አይተው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። ዐርዋ ሥራ ከበዛባት ከሱቋ ስትመለስ ይቻላል። ምን ሆነው ነው?

ልጅዎ ወንድማገኝ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ የትናየት፣

እግዚአብሔር ከጎንዎ ይሁን።

ደብዳቤዬ መከፈቱን ስልኩ ይነግረኛል። መልስ ግን የለም። ስደውል "ደኅና ነኝ፣ እጽፋለሁ" ብለው ይዘጋሉ። አይጽፉም።

ከእንግዲህ መጠበቅ አልቻልኩም። እየሩስ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይዛ ትመጣለች። ልብስዎንና መድኃኒትዎን ያዘጋጁ። አዲስ አበባ እናቷ ክፍል አዘጋጅተውልዎታል። ቤቱን የሚከራይ ሰው እየሩስ አግኝታለች፤ ማንጎውን አይነካም፤ ይህን በቃል አስገብቻለሁ።

እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ይቆጡኝ። ጨለማ ቤት ውስጥ ብቻዎን እንዲቀመጡ ግን አልተውዎትም።

ልጅዎ ወንድማገኝ


አሶሳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድማገኝ፣

ስለ እኔ ያጣኸውን እንቅልፍ እግዚአብሔር ይመልስልህ። ቁጣህ ደርሶኛል። እኔ አልተቆጣሁም፤ ለምን እንዳልተቆጣሁ በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

የየካቲት መጀመሪያ ደብዳቤህን ሳትም አምስት ገጽ ወጣ። አምስቱም ነጭ ነበሩ።

ከዚያ በፊት የነበረው ሳስቶ ወጥቶ ነበር። እኔ የሳሳው ፊደሉ ሳይሆን ዓይኔ መሰለኝና አጉላው፣ አድምቀው አልኩህ። አሁን ደግሞ ጭራሹን ነጭ። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ ነጭ። ከማንጎው ሥር ወሰድኩት፤ ነጭ። ቁጭ አልኩ። ማንጎው ይታየኛል። የአጥሩ በር ይታየኛል። ዐርዋ ስታልፍ የለበሰችው ቶብ ቢጫ መሆኑ ይታየኛል። ፊደል ብቻ ሄደ። ፊደል ካለው ሁሉ የቀጠነ ነገር ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው፤ ሌላውም ይከተላል ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቶቹን አስተካክዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር መኪናው ያን ዕለት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤህ መጣ። አተምኩት። እሱም ነጭ። ከአምስቱ ላይ ጨመርኩት። ስለዚህም፣ መኪና ስለ መላክህ፣ ተከራይ ስለ መገኘቱ፣ ምንም የማውቀው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ዐርዋ መጣች። ከደንበኛዋ ጋር የተስማማችበትን የጨርቅ ልክ የምትጽፍበት ቁራጭ ወረቀት ፈልጋ መሳቢያውን ሳበች። ከላይ ያለውን አንሥታ እስክሪብቶ አስደገፈችበት።

"ተዪው!" አልኳት። "የወንድማገኝ ደብዳቤ ነው!"

"የቱ?"

"በእጅሽ ያለው!"

ገለበጠችው። እንደ ገና ገለበጠችው። "ሐቡባ፣ ይሄ ባዶ ነው።"

"ባዶ አይደለም። ለእኔ ነው የማይታየኝ እንጂ ጽሑፍ አለበት።"

ተናገርኩት። ስንት ጊዜ አፍኜው የኖርኩት ነገር ለቁራጭ ወረቀት ስል ከአፌ ወጣ። ዐርዋ ወረቀቱን ይዛ በረንዳ ወጣች፣ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው፣ ተመልሳ መጣችና ሌሎቹንም አወጣቻቸው፣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ወላሂ ባዶ ነው" አለችኝ። "እኔም አላየሁም። ሁለታችን አንድ ቀን ታወርን?"

ሳቅሁ ማለት አልችልም፤ የሆነ ድምፅ ከደረቴ ወጣ። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄዳ አጎነበሰች፤ ሳቋ ቆመ።

"ሐቡባ፣ ይሄ መብራት ቀይ ነው።"

"የቱ መብራት?"

"ይሄ። ብልጭ ብልጭ የሚለው። ጥቁሩ ቀለም አልቋል። የቀለሙ መያዣ መስታወት ደረቅ ነው፤ ታያለህ?"

አላየሁም። ስንት ቀን ሲጣራ የኖረ ቀይ መብራት በጠረጴዛዬ ላይ ነበረ፤ እኔ አላየሁትም።

ከዚያ ስልኩን ሰጠኋትና ደብዳቤዎችህን አነበበችልኝ። አንባቢ ብቻ፣ ተከታይ የሌለው ንባብ ነበር። የመኪናው ነገር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። "ቅዳሜ?" አለች። "ማን ፈቀደ?" ቀጥላ ደግሞ "እኔ ስታፍር ነው ያወቅሁት። ማናበብ ስትተው፣ ጣትህ ወደ ኋላ ስትቀር፣ ዐርዋ ሥራ አለባት ስትል፤ ሥራ የለኝም እኮ፣ አንተ ነህ ያባረርከኝ" አለችኝ። ላርማት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

እንደተማርኩት አድርጌ ነገሩን ላመሳክር። ቀለሙ ያለቀው በእኔ ትእዛዝ ነው። ፊደሉን ባጎላሁ ቁጥር ቀለሙ ፈጠነ፤ ቀለሙ በሳሳ ቁጥር እኔ ፊደሉን አጎላሁ። ይህ የማሽኑ ስሕተት አይደለም። ወረቀቱ በእውነት ነጭ ነበረ፤ ስለዚህ ዓይኔ ጠፍቷል የተባለው ዛሬም ሐሰት ነው። ነገር ግን ነጩ ወረቀቱ ይሁን እኔ፣ ለይቼ መናገር አልቻልኩም፤ ቀዩንም መብራት አላየሁም። ስለዚህ ደክሟል ቢባል እውነት ነው። ማናበቡን ባልተው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። የተውኩት ጣቴ ከዐርዋ ድምፅ ወደ ኋላ መቅረት ስለ ጀመረ ነው። አንተ ስለ ጠፋው ቋጠሮ የጻፍከውንም አሰብኩ። "ይህኛው አልደረሰኝም" ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ማሽን ቤቴ ተቀምጦ፣ እኔ አልደረሰኝም ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ እየሩስ መኪና ይዛ መጣች። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ።

"እትዬ፣ ሻንጣዎ የታለ?" አለችኝ።

"ሐኪሞቹ መቼ ነው ሥራ የሚጀምሩት?"

"ሰኞ። ግን እኛ እኮ…"

"እንግዲያው መኪናው ሰኞ ወደዚያ ይውሰደኝ። አዲስ አበባ ድረስ ነዳጅ ያለው መኪና እዚህ ከተማ ውስጥ ላለ ሐኪም ይበቃዋል።"

እየሩስ ወደ ዐርዋ ዞራ "አንቺ ነሽ ያስጠናሻቸው?" አለቻት።

"እኔ ለእሷ ላስጠና?" አለች ዐርዋ። "እስኪ አንተ ሞክር!"

ትናንት ሰኞ ታየሁ። በሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ ነው፤ ይነሣል ብለዋል። የቀኙን ነገ ያነሡታል፤ ግራውን ሲሻለኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው። "እማማ፣ እስከ ዛሬ በምን ያነቡ ነበር?" አለችኝ። በሠላሳ ስድስት ደማቅ አልኳት። አልገባትም።

ተከራዩን እየሩስ ራሷ ደውላ መልሳዋለች። ቤቱ አልተለቀቀም ብላዋለች። አንተም ሳትከፋ ይህን ተቀበል። እኔ በሐኪም እንድታይ ያልከኝን ስለ ተቀበልኩ፣ አንተ ቤቴ እንድኖር ያልኩህን ተቀበል።

ቀለሙን ዐርዋ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝታ ሞልታዋለች፤ ጠርሙሱን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤ መስመሩ ወደ ታች መውረዱን ነግራኛለች። ሌላ ገጽ ላምጣ ስትለኝ እንዳለ ላኪው ብያታለሁ።

ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለውን ካርቶን አወጣለሁ፤ እግሩ አላጠረም። ቀጥዬ ነርሷ እንዳዘዘችኝ ፊቴን በንጹሕ ውኃ ብቻ እታጠባለሁ፤ ቅባት አልነካም። ከዚያ አጥሩ ጋ ሄጄ ዐርዋን በጉሮሮዬ እጠራታለሁ፤ ዛሬ ማንጎው ሥር ስለማመድ ውያለሁ። እሷ እስክትመጣ አንድ ነገር አትማለሁ፤ ያንን የኅዳር ደብዳቤህን፣ "አክስቴ ዓይናቸው አልጠፋም" ያልክበትን። ዐርዋ በስልኩ ላይ መጠኑን አሥራ ሁለት አድርጋ አዘጋጅታልኛለች። ሲወጣ ሳላየው፣ ስመለስ እንዳነበው የወረቀት ማውጫው ላይ በፊቱ ደፍቼ እተወዋለሁ። ማሽኑን አጠፋለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን በኪሴ እይዛለሁ።

አክስትህ የትናየት